በእጅ የሚጠገን የዩኤስቢ ቦርድ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም፣ ከመስቀል ማግሥት

ለምረዳው የትምህርት ቤት የኤሌክትሮኒክስ ክበብ የራሳችንን የማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ውስጥ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) ቦርድ የመሥራቱ ሐሳብ ዘንድሮ ወደ ሥራ ገብቷል። ተማሪዎቹ እስካሁን የሚማሩት ተገዝተው በመጡ ቦርዶች ነው። እነዚህ ቦርዶች እስከሠሩ ድረስ ጥሩ ናቸው። ሲበላሹ ግን ብዙዎቹ ክፍሎቻቸው ርዝመታቸው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ማንም ደፍሮ አይነካቸውም። በክበቡ መሳቢያ ውስጥ የተከማቹት ቦርዶች አብዛኞቹ አንድ ክፍል ብቻ ቢቀየርላቸው ነፍስ የሚዘሩ ናቸው። ይህ በጣም ያናድደኛል። ኤሌክትሮኒክስ የሚማር ልጅ የተበላሸ ነገር ከፍቶ ማዳን ካልቻለ ምን ተማረ?

ስለዚህ የዚህ ንድፍ ሕግ አንድ ነው፦ ቦርዱ ላይ ያለ ማንኛውም ክፍል በተራ የብየዳ ብረት ተነቅሎ የሚተካ መሆን አለበት። ፍጥነት፣ የማስታወስ አቅም፣ ውበት ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣሉ።

ሕጉ የቺፑን ምርጫ ወዲያው ያጠበዋል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የራስበሪ ፓይ አርፒ 2040 በጣም የሚያጓጓ ነው፤ ሁለት ኮሮች፣ 133 ሜጋ ኸርዝ፣ 264 ኪሎ ባይት ራም አለው። ዩኤስቢውም በውስጡ ነው። ነገር ግን 56ቱ እግሮቹ ከሆዱ ሥር ናቸው፤ ከአንዱ እግር መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል ያለው ርቀትም 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ፕሮግራሙን የሚያስቀምጥበት ፍላሽ ደግሞ በውስጡ ስለሌለው ሌላ ቺፕ አብሮት መበየድ አለበት። በሙቅ አየር የሚበይድ መሣሪያ የሌለው ክበብ ይህን አይደፍረውም።

የመረጥኩት ኤቲሜጋ 32ዩ4ን ነው። ባለ 8 ቢት ነው፤ ያለው 32 ኪሎ ባይት ፍላሽና 2.5 ኪሎ ባይት ራም ብቻ ነው። በአርፒ 2040 ሚዛን ሲታይ ደሃ ነው። ሆኖም 44ቱ እግሮቹ በአራቱም ጎኖች ወደ ውጭ ተዘርግተው ይታያሉ፤ ርቀታቸውም 0.8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱን እግር በዓይን አይቶ በብረት ጫፍ መንካት ይቻላል። አርዱዪኖ ሊዮናርዶ የሚባለው የታወቀ የመማሪያ ቦርድ የተሠራው በዚሁ ቺፕ ስለሆነ ሶፍትዌሩም ተሟልቶ ይገኛል። ለሬዚስተሮችና ለካፓሲተሮች የወሰድኩት መጠን 2 በ1.25 ሚሊ ሜትር የሆነውን ነው። ከዚህ አላሳንስም።

ጥቅምት መጀመሪያ

የሶኬቱ ጉዳይ ከቺፑ ይልቅ አሳስቦኛል። ለብየዳ የሚመቸው በፕሪንተር ጀርባ የምናውቀው ትልቁ የዩኤስቢ ሶኬት ነው። አራት የመገናኛ እግሮች ብቻ አሉት፣ ሁሉም በቀዳዳ የሚያልፉ። ግን ገመዱ በየትኛው ተማሪ ቦርሳ ውስጥ ይገኛል? የታይፕ ሲ ገመድ ግን ስልክ ባለበት ሁሉ አለ። ተማሪው ቤቱ ወስዶ ሊሠራበት የሚችል ቦርድ ከፈለግን ሶኬቱ ታይፕ ሲ መሆን አለበት።

የታይፕ ሲ ሶኬት ሲገዛ እግሩን መቁጠር ያስፈልጋል። ባለ 6 እግሩ ለኃይል ብቻ የተሠራ ነው፤ የመረጃ መስመር ጨርሶ የለውም። ባለ 24ቱ ሙሉው ነው፤ በብዙዎቹ ከፊል እግሮቹ ከሥር ተደብቀዋል። ለእኛ የሚሆነው ባለ 16ቱ ነው። ኃይል፣ ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መስመር)፣ የዩኤስቢ 2.0 የመረጃ መስመሮችና ሲሲ 1፣ ሲሲ 2 የሚባሉት ሁለት እግሮች አሉት። መሰኪያው በየትኛውም ፊት ስለሚገባ ከመረጃ መስመሮቹ ዲ ፕላስ ሁለት ቦታ፣ ዲ ማይነስም ሁለት ቦታ ወጥተዋል፤ ጥንዶቹን ቦርዱ ላይ ማገናኘት ግድ ነው። ካልተገናኙ ገመዱ ሲገለበጥ ቦርዱ ይጠፋል። የእግሮቹ ርቀት 0.5 ሚሊ ሜትር መሆኑ ሕጌን ይፈታተነዋል። የመረጥኩት ዓይነት እግሮቹ ከኋላው ወጣ ብለው ስለሚታዩና የብረት ቅርፊቱ በቀዳዳ ስለሚበየድ፣ ጥሩ ፍለክስ (ብየዳው በደንብ እንዲይዝ የሚቀባ ቅባት) ካለ በእጅ ይሠራል።

በሁለቱ የሲሲ እግሮች ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ርካሽ ቦርዶች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነውና። በሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ፣ ኃይል ሰጪው 5 ቮልቱን ዝም ብሎ አይለቅም። በሌላው ጫፍ ኃይል ተቀባይ መኖሩን አስቀድሞ ያጣራል። የተቀባዩ ምልክት ከሲሲ እግር ወደ ግራውንድ የሚወርድ 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ነው። ይህ የሌለው ቦርድ በአሮጌው ዓይነት ሰፊ መሰኪያ ባለው ገመድ ይሠራል፤ ያ ሰፊ መሰኪያ የሚገባበት የኮምፒውተር ወደብ ምንም ሳይጠይቅ 5 ቮልት ይሰጣልና። በአዲሱ ገመድ ግን ሙት ሆኖ ይቀራል። ባለቤቱም ቦርዱ የተበላሸ ይመስለዋል።

ሬዚስተሮቹ ሁለት መሆን አለባቸው፤ ለእያንዳንዱ እግር አንድ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ራስበሪ ፓይ 4 የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ሁለቱን እግሮች አገናኝቶ በአንድ ሬዚስተር ነበር የተሠራው። በውስጣቸው የመታወቂያ ቺፕ ያለባቸው ገመዶች በሁለተኛው እግር ላይ 1 ኪሎ ኦም ገደማ የሆነ የራሳቸውን ጭነት ያኖራሉ። ሁለቱ እግሮች ስለተያያዙ ኃይል ሰጪው የድምፅ ማዳመጫ የተሰካበት መስሎት ኃይሉን ከለከለ። በኋላ በወጡት ቦርዶች ተስተካክሏል። የሁለተኛው ሬዚስተር ዋጋ ከሳንቲም አይበልጥም፤ ስለዚህ በእኛ ንድፍ ላይ ሁለቱም አሉ፣ እሴታቸውም ከጎናቸው ተጽፏል።

ጥቅምት መጨረሻ

የሰርኪዩት ንድፉ ቦርድ በሚነደፍበት ሶፍትዌር፣ በኪካድ፣ ተጠናቋል። ቀላል ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ክፍል ለምን እንዳለ ተማሪዎቹ እንዲጠይቁኝ ስለምፈልግ ምክንያቶቹን እዚህ አኖራለሁ።

ክሪስታል (የቺፑን የሰዓት ምት የሚሰጥ ክፍል)፦ ዩኤስቢ በዚህ ቺፕ በሰከንድ 12 ሜጋ ቢት ነው የሚሮጠው፤ በዚህ ፍጥነት የሚፈቀደው መዛነፍ 0.25 በመቶ ብቻ ነው። የቺፑ ውስጣዊ ሰዓት ከፋብሪካ ሲወጣ እስከ 10 በመቶ ሊዛነፍ ይችላል። ስለዚህ የ16 ሜጋ ኸርዝ ክሪስታል ግዴታ ነው። የክሪስታሉ የጭነት ካፓሲታንስ 16 ፒኮ ፋራድ ነው፤ የመስመሮቹንና የእግሮቹን ወደ 5 ፒኮ ፋራድ ብንወስድ፣ 16 ሲቀነስ 5፣ ሲባዛ በ2፣ 22 ይሆናል። ሁለቱ ካፓሲተሮች የ22 ፒኮ ፋራድ ናቸው።

በዲ ፕላስና በዲ ማይነስ ላይ አንዳንድ 22 ኦም ሬዚስተር አለ። ዩካፕ ከሚባለው እግር ወደ ግራውንድ 1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ይወርዳል። ቺፑ በ5 ቮልት ቢሠራም የዩኤስቢ መስመሮች 3.3 ቮልት ስለሚፈልጉ በውስጡ ለዚያ የሚሆን ማረጋጊያ አለው፤ ይህ ካፓሲተር የእርሱ ነው። በእያንዳንዱ የኃይል እግር አጠገብ ደግሞ 100 ናኖ ፋራድ። አጠገብ ስል ከእግሩ በጥቂት ሚሊ ሜትር ማለቴ ነው።

በመግቢያው ላይ ራሱን የሚመልስ የ500 ሚሊ አምፔር ፊውዝ አኑሬያለሁ። ተማሪ ሽቦ ያለ ብየዳ በሚሰካበት የመለማመጃ ሰሌዳ ላይ 5 ቮልቱን ከግራውንድ ጋር ማገናኘቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ መዳን ያለበት የቤተሰቡ ኮምፒውተር ነው። በመግቢያው ላይ ያለው ካፓሲተር 4.7 ማይክሮ ፋራድ ነው። የዩኤስቢ ሕግ በኃይል መስመሩ ላይ ከ10 ማይክሮ ፋራድ በላይ ስለማይፈቅድ፣ በሌሎቹ ካፓሲተሮች ላይ ሲደመርም ከገደቡ በታች ይሆናል። በመረጃ መስመሮቹ ላይ የቆመው ባለ 6 እግር መከላከያ ደግሞ ከእጅ ለሚወርደው የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ነው። በበጋው ደረቅ አየር የሱፍ ሹራብ ለብሶ ሶኬት የሚነካ ልጅ ምን ሊያደርስ እንደሚችል አውቃለሁ።

ኅዳር

መስመሮቹን መዘርጋት ከጠበቅኩት በላይ ደስ አሰኝቶኛል። ቦርዱ ባለ ሁለት ገጽ ነው፤ የታችኛው ገጽ ከሞላ ጎደል ሙሉ ግራውንድ ነው። የዩኤስቢ መስመሮችን በተመለከተ በየቦታው የሚነገረው የ90 ኦም ኢምፔዳንስ (መስመሩ ለፈጣን ምልክት የሚያሳየው ተቃውሞ) ጉዳይ ብዙ ጀማሪዎችን ያስፈራል። እንቁጠረው። በዚህ ፍጥነት ምልክቱ ከታች ወደ ላይ ለመውጣት ቢያንስ 4 ናኖ ሰከንድ ይፈጅበታል። በቦርድ ላይ ምልክት በአንድ ናኖ ሰከንድ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ4 ናኖ ሰከንድ 60 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። የእኛ መስመር 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ከሄዱ፣ ርዝመታቸው ከተቀራረበና ሥራቸው ያለው ግራውንድ ካልተቆረጠ በቂ ነው። በፍጥነቱ 40 እጥፍ የሆነውን የ480 ሜጋ ቢቱን ዩኤስቢ ለሚሠራ ሰው ይህ ስሌት አይሆንም፤ እዚያ ኢምፔዳንሱ በእርግጥ ይለካል።

በሁለቱ የእግር ረድፎች መካከል ያለው ርቀት 17.78 ሚሊ ሜትር ነው። በመለማመጃ ሰሌዳ ላይ ሲሰካ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ነጻ ቀዳዳዎች ይተርፋሉ። አንድ ቀዳዳ ብቻ የሚያስተርፉ ቦርዶች ሁለተኛ ሽቦ ሲያስፈልግ ተማሪውን ያስጨንቃሉ።

የዳግም ማስነሻው ቁልፍ ቦታ ላይ ግትር ሆኛለሁ። በሊዮናርዶ አሠራር ፕሮግራም ለመጫን ኮምፒውተሩ የተከታታይ ወደቡን በሰከንድ 1200 ቢት ፍጥነት ከፍቶ ይዘጋዋል፤ ቦርዱ ይህን ሲያይ ራሱን አስነሥቶ ወደ መጫኛው ፕሮግራም ይገባል። ግን ይህን ምልክት የሚያየው በቺፑ ላይ እየሄደ ያለው የተማሪው ፕሮግራም ውስጥ ያለ የዩኤስቢ ክፍል ነው። ያ ፕሮግራም ከተሰናከለ ወይም ዩኤስቢውን ከዘጋ ጥሪውን የሚሰማ የለም። መውጫው በእጅ ዳግም ማስነሣትና መጫኛው በሚጠብቅባቸው 8 ሰከንዶች ውስጥ አዲሱን ፕሮግራም መላክ ነው። እንግዲህ ይህ ቁልፍ የድንገተኛ በር ነው። ትልቅ አድርጌ በቦርዱ ጠርዝ ላይ፣ ከዩኤስቢው ተቃራኒ ጫፍ አድርጌዋለሁ፤ ገመዱን የያዘ እጅ እንዳያግደው።

ጽሑፉ አማርኛ ነው። ኪካድ ከ2023 እ.ኤ.አ. የ7ኛ እትሙ ጀምሮ በኮምፒውተር ላይ የተጫኑ የፊደል ቅርጾችን በቦርድ ላይ ለመጠቀም ስለሚያስችል፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወስጄ ጻፍኩበት። ችግሩ መጠኑ ነው። ፋብሪካዎች በቦርድ ላይ የሚያትሙት ነጭ ቀለም ከ0.15 ሚሊ ሜትር የቀጠነ መስመር አይዝም። በላቲን ፊደል የተለመደው የ1 ሚሊ ሜትር ቁመት ለእኛ ፊደል አይበቃም፤ የ«ጭ» እና የ«ሥ» ዝርዝሮች ተጨፍነው ጥቁርና ነጩ ይደባለቃል። በ2 ሚሊ ሜትር ቁመት፣ በደማቁ ቅርጽ፣ በወረቀት ላይ በትክክለኛ መጠኑ አትሜ አየሁት። ይነበባል። ቦታ ለማግኘት ስል የቦርዱን ርዝመት ጨምሬያለሁ፤ አይቆጨኝም። «ኃይል»፣ «ዳግም አስነሣ»፣ «ግብዓት» የሚሉትን ቃላት ተማሪው ቦርዱ ላይ ያነባል።

ታኅሣሥ

ፋይሎቹ ሼንዘን ወደሚገኝ የቦርድ ፋብሪካ ተልከዋል። ቺፖቹና ሶኬቶቹ ከዱባይ በሚመጣ ወዳጅ ሻንጣ ይገባሉ። መጠበቅ ብቻ ነው።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ

ቦርዶቹ ደርሰዋል። ጽሑፉ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ «ጭ» እንኳ «ጭ» መስላለች።

የመጀመሪያውን ቦርድ በየደረጃው ነው የበየድኩት። አስቀድሞ የታይፕ ሲ ሶኬቱ ብቻ፤ ሌላ ነገር ሳይኖር ዙሪያውን ለመሥራት ቦታ አለና። ከዚያ ፊውዙ፣ ሬዚስተሮቹ፣ የኃይል ካፓሲተሮቹ። ቺፑ ሳይገባ መልቲሜትሩን በ5 ቮልቱና በግራውንዱ መካከል ይዤ መነካካት እንደሌለ አየሁ፤ በሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ከቻርጀር ጋር አገናኘሁት፤ 5 ቮልት አለ። ገመዱን ገልብጬ ሰካሁት፤ አሁንም አለ። ሁለቱ የ5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ሥራቸውን ሠርተዋል።

ቺፑ ሲገባ መጀመሪያ ሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖችን በመበየድ ማስተካከል፣ ከዚያ ፍለክስ ቀብቶ እያንዳንዱን ጎን በአንድ ጉዞ መጥረግ ነው። ሁለት እግሮች ከተጣበቁ ተጨማሪ ፍለክስና ንጹሕ የብረት ጫፍ ይለያቸዋል።

ይህ ቺፕ ከፋብሪካው የራሱን የዩኤስቢ መጫኛ ይዞ ስለሚመጣ ባዶ ቢሆንም ኮምፒውተር ይለየዋል። ሰካሁት፤ የኮምፒውተሩ ስርዓተ ክወና ሊኑክስ ወዲያው ቺፑን የፈጠረው ኩባንያ የአትሜል መሣሪያ መሆኑን ጻፈ። ዩካፕን ለካሁ፤ 3.3 ቮልት። ይህ ቮልት የሚመጣው ፕሮግራም ማረጋጊያውን ሲያበራው ብቻ ስለሆነ፣ በመልቲሜትሩ ላይ መታየቱ ቺፑ ነቅቶ እየሠራ ለመሆኑ ምስክር ነው። ከዚያ በባለ 6 እግሩ የፕሮግራም መጫኛ ማገናኛ በኩል አርዱዪኖ ኡኖ የሚባለውን ሌላ ቦርድ እንደ መሣሪያ ተጠቅሜ የሊዮናርዶን መጫኛ አስገባሁ። ከ32ቱ ኪሎ ባይት 4ቱን ይወስዳል፤ 28ቱ ለተማሪው ይቀራል።

ጥር መጨረሻ

ክበቡ ብየዳ ጀምሯል። ጠረጴዛው ላይ የእርሳስ ቅልቅል የሌለበት የብየዳ ሽቦ ብቻ ነው ያለው፤ ለማቅለጥ ትንሽ ያስቸግራል፣ ለልጆች ግን ሌላ አልሰጥም።

ከተማሪዎቹ የአንዷ ቦርድ አልታወቅ አለ። ኃይሉ አለ፤ ሊኑክሱ ደግሞ አዲስ መሣሪያ መሰካቱን ጽፎ መግለጫውን ማንበብ እንዳቃተውና ስህተቱ 71 መሆኑን ይነግራል። ሁላችንም ዙሪያውን ከበብን፤ ይህን የመሰለ ትምህርት በመጽሐፍ አይገኝም። ኮምፒውተር መሣሪያ መሰካቱን የሚያውቀው ዲ ፕላስ በ1.5 ኪሎ ኦም ወደ 3.3 ቮልት ሲሳብ ነው። ያ ሬዚስተር በቺፑ ውስጥ ሆኖ ፕሮግራሙ ነው የሚያበራው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ «አንድ ነገር ተሰክቷል» ካለ ክሪስታሉ ይመታል፣ ፕሮግራሙ ይሄዳል፣ ዲ ፕላስም እስከ ሶኬቱ ደርሷል ማለት ነው። ንግግሩ ከተጀመረ በኋላ ከተሰናከለ የሚጠረጠረው ሁለተኛው መስመር ነው። ልጅቱ ራሷ መልቲሜትሩን ከ22 ኦሙ ሬዚስተር ወደ ቺፑ 3ኛ እግር ያዘች፤ ግንኙነት የለም። በማጉያ መነጽር ሲታይ እግሩ ከቦርዱ ላይ በፀጉር ስፋት ተነሥቷል። ፍለክስ፣ አንድ ንክኪ፣ ተሰካ፣ ታወቀ። በተገዛው ቦርድ ላይ ቢሆን ኖሮ መሳቢያ ውስጥ ይገባ ነበር።

ሌላው ቦርድ ደግሞ ጨርሶ ዝም አለ። መብራቱ በርቷል፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አይጽፍም። የመጣበት ገመድ ለባትሪ መሙያ ብቻ የተሠራ፣ የመረጃ ሽቦ የሌለው ነበር። አሁን በክበቡ እያንዳንዱ ገመድ አስቀድሞ በሚሠራ ቦርድ ይፈተናል፤ መረጃ የሚያስተላልፈው ላይ አረንጓዴ ቴፕ ይጠመጠማል።

የካቲት

ዩኤስቢው በቺፑ ውስጥ በመሆኑ ቦርዱ ለኮምፒውተሩ የፊደል ገበታ ሆኖ መቅረብ ይችላል። ለተማሪዎቹ ትልቁ ደስታ ይህ ሆኗል። የሚላከው 8 ባይት ነው፤ የመጀመሪያው እንደ ሺፍት ላሉት ቁልፎች፣ ሁለተኛው የተያዘ፣ የቀሩት ስድስቱ ለተጫኑት ቁልፎች ቁጥሮች። በዚህ ቁጥር የመስመር ማለፊያው ቁልፍ 40 ነው፣ የክፍተቱ 44። ቦርዱ ፊደል አይልክም፤ የቁልፉን ቁጥር ብቻ ነው የሚልከው፣ ፊደሉን የሚሰጠው ኮምፒውተሩ ነው። አንድ ተማሪ በአማርኛ ገበታ የተዘጋጀውን ኮምፒውተር አጥንቶ ቦርዱን «ሰላም» አስጻፈው። ያንኑ ቦርድ ሳይነካው ወደ ጎረቤቱ ኮምፒውተር ሲያዞረው የላቲን ፊደላት ተዘረገፉ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ጥያቄው አላባራም።

የመለያ ቁጥር ጉዳይም ደርሷል። እያንዳንዱ የዩኤስቢ መሣሪያ የአምራችና የምርት ቁጥር ይዞ ራሱን ያስተዋውቃል። በክበቡ ውስጥ ለልምምድ የሊዮናርዶን 2341 እና 8036 ይዘናል። ንድፉን ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ስንሰጥ ግን የሌላ አምራች ቁጥር ይዞ መውጣት አይገባም። የራስን የአምራች ቁጥር ከዩኤስቢ ማኅበሩ መግዛት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። ፒድ ኮድስ የሚባለው የበጎ ፈቃድ ሥራ ግን ንድፋቸውን ክፍት ላደረጉ ሰዎች በ1209 ሥር የምርት ቁጥር በነጻ ይሰጣል። ንድፋችንን በአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል በሰርን የክፍት ሃርድዌር ፈቃድ አውጥተን ማመልከቻውን እያዘጋጀን ነው።

ለሁለተኛው ንድፍ ከተማሪዎቹ የተሰበሰቡት ማሻሻያዎች ገብተዋል። በዲ ፕላስና በዲ ማይነስ ላይ መልቲሜትር የሚያርፍባቸው ክብ የመለኪያ ነጥቦች አሉ፤ ከጎናቸውም ስማቸው ተጽፏል። የሶኬቱ የብየዳ ማረፊያዎች ለብረት ጫፍ እንዲመቹ በ0.3 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ረዝመዋል። የኃይሉ መብራት ከፊውዙ በኋላ ስላለ ፊውዙ ሲዘጋ ይደበዝዛል፤ ይህ ጠቃሚ ሆኖ ስላገኘነው እንዳለ ይቆያል። በቦርዱ ጀርባ ላይ ደግሞ የክፍሎቹ ዝርዝር ከነእሴታቸው በአማርኛ ታትሟል፤ ከዓመታት በኋላ አንድ ክፍል ሲቃጠል ተማሪው የሚገዛውን ከራሱ ከቦርዱ ላይ ያነባል። ፋይሎቹ ትናንት ማታ ወደ ፋብሪካው ሄደዋል።